ተረት፣ ድስትና መዝገብ



በዚህ ወር ዓምዳችን በብዙ ቤት ውስጥ ሲያወዛግብ የሚሰማ አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ጉዳዩ ልጆቻችን ብዙ ነገር ሲወዱ ምን እናድርግ የሚል ነው።

እስቲ አንድ ወጣት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ማታ ማታ የሚያስፈራ ልብ ወለድ እያነበበ ያመሻል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዕድ ቤት ገብቶ ከእናቱ ጎን ሽንኩርት ያቁላላል፤ የቅመሙን ልክ ይጠይቃል። በተረፈው ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የመረጃ ቋት፣ በተለመደው አጠራሩ ዳታቤዝ፣ ሲያዘጋጅ ይውላል። አባት ይህን ሲያይ ይጨነቅና "ልጄ፣ ምናለ አንዱን ብትይዝ?" ይለዋል። አያት "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ብለው ይተርቱበታል። እናትም በበኩሏ የጂንና የጭራቅ ወሬ የልጇን ልብ እንዳያሸብረው ትሰጋለች። ጎረቤት ደግሞ "ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል?" እያለ ያማል።

የወላጆች ስጋት ከንቱ አይደለም። ሁሉን ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰ ሰው በየመንደሩ አለ። ነገር ግን ልጁን "ሁለቱን ተውና አንዱን ያዝ" ከማለታችን በፊት፣ እነዚህ ሦስት ፍላጎቶች በአንድ ሰው ዘንድ ተገናኝተው ምን እንዳፈሩ ማየቱ ይጠቅማል። ሰውዬው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በባግዳድ የኖሩት ኢብኑ ነዲም ናቸው።

የባግዳዱ ወራቅ

ሙሉ ስማቸው አቡል ፈረጅ ሙሐመድ ኢብኑ ኢስሐቅ ነው። አባታቸው ወራቅ ነበሩ። ወራቅ ማለት መጽሐፍ በእጁ እየገለበጠ፣ እየጠረዘ የሚሸጥ፣ የወረቀትም ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ወረቀት በ8ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ባግዳድ ውስጥ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ይህ ሙያ በከተማዋ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። የወራቆች ሱቅ መሸጫ ብቻ አልነበረም፤ ሊቃውንት የሚገናኙበት፣ የሚከራከሩበትና የሚያነቡበት ስፍራም ነበር። አል-ጃሒዝ የተባሉት የበስራ ታላቅ ጸሐፊ የወራቆችን ሱቅ ተከራይተው ሌሊቱን ሲያነቡ ያድሩ እንደነበር የሚነግሩን ራሳቸው ኢብኑ ነዲም ናቸው።

ኢብኑ ነዲም በእንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ አደጉ። የሚገባውንና የሚወጣውን መጽሐፍ ሁሉ እያገላበጡ አዩ። በ377 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ987 እ.ኤ.አ.፣ "አል-ፊህሪስት" የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። ቃሉ ማውጫ ማለት ነው። ዓላማቸው በዐረብኛ ቋንቋ የተጻፈውንና የተተረጎመውን መጽሐፍ ሁሉ ከነደራሲው መመዝገብ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው የማይችለው የሚመስል ሥራ ነው።

መጽሐፉ አሥር ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ቋንቋዎች፣ ስለ ፊደላት፣ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍትና ስለ ቁርኣን እውቀቶች ነው። ሁለተኛው ስለ ሰዋስው፣ ሦስተኛው ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ አራተኛው ስለ ግጥም፣ አምስተኛው ስለ ከላም፣ ስድስተኛው ስለ ፊቅህና ስለ ሐዲስ፣ ሰባተኛው ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሒሳብና ስለ ሕክምና፣ ስምንተኛው ስለ ተረትና ስለ አስማት፣ ዘጠነኛው ስለ ሌሎች ሕዝቦች እምነት፣ አሥረኛው ደግሞ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን ስለሚሉ ሰዎች ሥራ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ የሚያስደስት ነገርም አለ። ኢብኑ ነዲም በመጀመሪያው ክፍል ስለ ዓለም ፊደላት ሲጽፉ የሐበሻን ፊደል አልዘለሉም። ከሒምየር ፊደል ጋር እንደሚመሳሰል፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚጻፍ፣ በቃልና በቃል መካከልም እንደ ጉልቻ ሦስት ማዕዘን የሠሩ ሦስት ነጥቦች እንደሚገቡ ገልጸዋል። ናሙናውንም ከኸሊፋ አል-መእሙን ቤተ መጻሕፍት እንደገለበጡ ጽፈዋል። ይህ ዓምድ የተጻፈበት ፊደል ባግዳድ ከነበረ አንድ የመጽሐፍ ነጋዴ ትኩረት አላመለጠም ማለት ነው።

የሌሊት ተረቶች

አሁን ወደ ስምንተኛው ክፍል እንምጣ። ብዙ ቁም ነገረኛ ሊቅ ንቆ የሚያልፈው ነገር እዚህ ተሰብስቧል። ሰዎች በምሽት ተሰብስበው የሚሰሙት ተረት፣ የባሕር ውስጥ ድንቅና አስፈሪ ወሬ፣ የሰው ልጅ ጂን አፈቀረ፣ ጂንም ሰውን አፈቀረች የሚሉ መጻሕፍት ሁሉ በስማቸው ተዘርዝረዋል። በዛሬ አነጋገር ይህ የአስፈሪ ልብ ወለድ መደርደሪያ ነው።

"ሐዛር አፍሳን" ስለተባለው የፋርስ የተረት መጽሐፍም ጽፈዋል። ትርጉሙ አንድ ሺህ ተረት ማለት ሲሆን፣ ዛሬ "አንድ ሺህ አንድ ሌሊት" ብለን የምናውቀው መጽሐፍ ሥር እርሱ እንደሆነ ይታመናል። በየሌሊቱ ተረት እየጀመረች፣ ሳትጨርስ እያሳደረች ራሷን ከሞት ያተረፈችውን የሸህረዛድን ታሪክ ባጭሩ ይተርኩታል። ከዚያም መጽሐፉ አንድ ሺህ ሌሊቶች ቢኖሩትም ተረቶቹ ግን 200 እንደማይሞሉ ያስረዳሉ፤ አንዱ ተረት ብዙ ሌሊት ስለሚወስድ ነው። መጽሐፉን ሙሉውን፣ ያውም ደጋግመው እንዳዩት ገልጸው ሲያበቁ፣ ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ ለዛ የሌለው፣ ቀዝቃዛ ወሬ ነው ይላሉ።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ኢብኑ ነዲም የነቀፉት አንብበው ነው። መጽሐፉን ባይወዱትም ከመዝገባቸው አልፋቁትም፤ ቦታ ሰጡት፣ ስሙን ጻፉ፣ ልኩን ተናገሩ። መመዝገብ ማለት ማወደስ እንዳልሆነ በሚገባ ያውቁ ነበር።

ሌላም አለ። በዐባሲያ ኸሊፋዎች ዘመን፣ በተለይ ከ908 እስከ 932 እ.ኤ.አ. በገዙት በአል-ሙቅተዲር ጊዜ፣ ተረት በጣም ይፈለግ ነበር። ገበያው ሲደራ አንዳንድ ወራቆች ራሳቸው እየፈጠሩ፣ የጥንት ነው እያሉ ይሸጡ ጀመር። ኢብኑ ነዲም ይህን የሙያ ባልደረቦቻቸውን ጉድ አልደበቁም፤ እንዲያውም ፈጥረው ይጽፉ ከነበሩት መካከል በስም የጠቀሷቸው አሉ። ተረት ወዳጅ መሆናቸው ስለ ተረት እውነቱን ከመናገር አላገዳቸውም። ይልቁንም ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት የቻሉት ብዙ በማንበባቸው ነው።

አል-ጀህሺያሪ የተባሉ ሰውም ተመዝግበዋል። እኚህ ሰው የሚታወቁት የዋዚሮችን ታሪክ በመጻፋቸው ነው። ይሁን እንጂ ከዐረብ፣ ከፋርስና ከሩም የተሰበሰቡ አንድ ሺህ ተረቶችን የያዘ መጽሐፍ ጀምረው ነበር። 480 ሌሊት ያህል ካዘጋጁ በኋላ፣ ሥራቸው ሳያልቅ ሞት ቀደማቸው። የመንግሥት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ለምሽት ተረትም ጊዜ ነበረው ማለት ነው።

ማዕድ ቤት የገባው ልዑል

በዚያው በስምንተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለ ፈረስ፣ ስለ አደን ጭልፊት፣ ስለ ሽቶ፣ ስለ መርዝ የተጻፉ መጻሕፍት ይቀርባሉ። ከእነርሱም መካከል የወጥ አሠራር መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። የሚያስገርመው የደራሲዎቹ ማንነት ነው። ታላቁ ሐኪም አር-ራዚ ለሕመምተኛ ስለሚሆን ምግብ ጽፈዋል። ጀህዛ የተባሉት ባለቅኔና ሙዚቀኛ ስለ ወጥ ጽፈዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የኢብራሂም ኢብኑል መህዲ ስም አለ።

ኢብራሂም የኸሊፋ አል-መህዲ ልጅ፣ የሃሩን አር-ረሺድ በአባት የሚገናኙ ወንድም ናቸው። ገጣሚና ድምጸ መልካም ዘፋኝ ነበሩ። በ817 እ.ኤ.አ. የባግዳድ ሰዎች ኸሊፋ ብለው ሾመዋቸው ሁለት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ የወንድማቸው ልጅ አል-መእሙን አሸንፈዋቸው በኋላም ምሕረት አድርገውላቸዋል። እኚህ ልዑል ድስት ሥር መቆምን ውርደት አላሉትም፤ የወጥ መጽሐፍ ጽፈዋል።

መጽሐፋቸው ራሱ አልደረሰንም። ይሁንና በ10ኛው ምዕተ ዓመት ኢብኑ ሰያር የተባሉ ሌላ ወራቅ "ኪታብ አጥ-ጠቢኽ" የተባለ 132 ምዕራፎች ያሉት የምግብ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ከኢብራሂም ብዙ ወስደዋል። ይህ ከእኛ ዘመን ከደረሱት የዐረብኛ የምግብ መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው ነው። ነዋል ነስረላህ የተባሉት ኢራቃዊት ተመራማሪ በእንግሊዝኛ ተርጉመውት በ2007 ታትሟል። በውስጡ በአቼቶ የሚሠራው ሲክባጅ የተባለ የሥጋ ወጥ አለ። ሰንቡሰጅ የሚባልም አለ፤ በስሱ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚዘጋጅ የሥጋ ምግብ ነው። በረመዳን ፊጥር ላይ ከሹርባው ጎን የምናገኘው ሳምቡሳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የፋርስ ቃል ነው።

እንግዲህ ወንድ ልጃችሁ ማዕድ ቤት ሲገባ የሚያማ ጎረቤት ካለ፣ ስለ ሃሩን አር-ረሺድ ወንድም ንገሩት።

መዝገቡ

እስካሁን ያየነው የተረትና የወጥ ፍላጎት ነው። ሦስተኛው ፍላጎት፣ ማለትም ነገርን በሥርዓት የመመዝገብ ፍቅር፣ ሁለቱን ያስተሳሰረ ገመድ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዘመናችን ዳታቤዝ የሚባለውን ነገር ያልሠራ አንባቢ እንዲረዳው ባጭሩ እናስረዳ። ብዙ መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድን ነገር፣ ለምሳሌ አንድን መጽሐፍ ይይዛል። እያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ ስለዚያ ነገር አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ደራሲው ማነው? መቼ ተጻፈ? ስንት ገጽ ነው? አንዱ ረድፍ ከሌላው እንዳይምታታ መለያ ይሰጠዋል። ይህን አሠራር በሒሳብ መሠረት ላይ ያቆሙት ኤድጋር ኮድ የተባሉ እንግሊዝ አገር የተወለዱ ሊቅ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በአይቢኤም ኩባንያ ሲሠሩ ሐሳባቸውን በ1970 አሳተሙ። ዛሬ ባንክ ገንዘብ ሲቆጥር፣ ሆስፒታል የሕመምተኛ ካርድ ሲያወጣ፣ አየር መንገድ ትኬት ሲቆርጥ በአብዛኛው የሚጠቀመው በዚህ ዘዴ ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ ባያርድ ዶጅ የተረጎሙት የ"አል-ፊህሪስት" የእንግሊዝኛ ትርጉምም የታተመው በዚያው በ1970 ነው።

ኢብኑ ነዲም ሠንጠረዥ አላሰመሩም፤ ኮምፒውተርም አላዩም። ጥያቄዎቻቸው ግን የመዝጋቢ ጥያቄዎች ነበሩ። የደራሲው የዘር ሐረግ፣ ሀገሩ፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት፣ ያበረከተው መጽሐፍ። ስለ ፈላስፋው አል-ኪንዲ ሲጽፉ ከ200 በላይ ሥራዎችን በየዘርፉ ለይተው ደርድረዋል። ከፍልስፍናው ጎን ስለ ሰይፍና ስለ ሽቶ የተጻፉትም ይገኛሉ። ያላገኙት ዓመት ሲያጋጥማቸው ባዶ ቦታ ትተው አልፈዋል። ግምትን እንደ እውነት ከመጻፍ ባዶ ቦታ እንደሚሻል ያውቁ ነበር።

በግጥም ክፍል ያደረጉት ደግሞ በጣም ያስደንቃል። የአንድ ገጣሚ ሥራ ይህን ያህል ሉክ ነው ከማለታቸው በፊት፣ ሉክ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አስታወቁ። "ሱለይማኒ" የሚባለው ዓይነት ወረቀት ሆኖ በአንዱ ገጹ ላይ 20 መስመር የሚይዝ ነው። መለኪያው ካልታወቀ ቁጥሩ ትርጉም እንደሌለው ተገንዝበዋል። የሱቅ ልጅ ናቸውና፣ አንድ ገዢ ሙሉ ነው ተብሎ ጎደሎ መጽሐፍ ሲሸጥለት ምን እንደሚሆን አሳምረው ያውቃሉ። የምግብ አሠራር የጻፈ ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። "አንድ ጭልፋ ቅቤ" የሚል ጽሑፍ የማን ጭልፋ እንደሆነ ካልነገረን ወጡ አንድ ቀን ይጣፍጣል፣ አንድ ቀን ይበላሻል።

የጠፋው ሳጥን

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሱን ራሳቸው ኢብኑ ነዲም ባቆዩልን አንድ ወግ ውስጥ እናገኘዋለን።

አል-ሐዲሳ በምትባል የኢራቅ ከተማ መጻሕፍትን የሚሰበስብ አንድ ሰው ነበር። ንብረቱን ገዢዎች እንዳይወስዱበት ስለሚፈራ ለማንም አያሳይም። ኢብኑ ነዲም ብዙ ጊዜ ተመላልሰው፣ ተለማምደው፣ በመጨረሻ አመኗቸው። ሰውየው ትልቅ ሳጥን አወጣ። በውስጡ 300 ረጥል ያህል የሚመዝን ብራና፣ የግብጽና የቻይና ወረቀት፣ የጥንት ሊቃውንት በእጃቸው የጻፉት ጽሑፍ ነበረበት። ዕድሜ ቢያገረጣውም በየጽሑፉ ላይ የማን እጅ እንደሆነ የመሰከሩ ሊቃውንት ፊርማ ይታይ ነበር። ኢብኑ ነዲም በዓይናቸው አይተው ተደነቁ። ሰውየው ከሞተ በኋላ ግን ያ ሳጥን የገባበት ጠፋ። ብዙ ቢፈልጉም ከአንድ ሙስሐፍ በስተቀር ወሬውን እንኳ አልሰሙም።

በ"አል-ፊህሪስት" ውስጥ የተጠቀሱት መጻሕፍት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ጊዜ፣ እሳት፣ ውሃና ጦርነት ወስዷቸዋል። በ656 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1258 እ.ኤ.አ.፣ ሞንጎሎች ባግዳድን ሲያወድሙም ብዙ ጠፍቷል። እነዚያ መጻሕፍት እንደነበሩ እንኳ የምናውቀው አንድ ሰው ስማቸውን ስለጻፈ ነው። የ"አል-ፊህሪስት" አንዱ ጥንታዊ ቅጂ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ደብሊን ከተማ፣ ግማሹ ኢስታንቡል ይገኛል።

በየቤታችን ያለው ሳጥን

ውድ ቤተሰቦች! ወደ እኛ እንመለስ። በወሎ፣ በሐረር፣ በሌላውም የሀገራችን ክፍል በየቤቱ ከአያት የተወረሰ የእጅ ጽሑፍ፣ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፈ መንዙማ፣ የውል ወረቀት በቆዳ ማህደርና በሳጥን ውስጥ ይገኛል። ከጽሑፉ ሌላም በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ያለ ሀብት አለ። የእማማ የበርበሬ አደላለዝ፣ የሑልበቱ አመታት፣ የጅብና የጭራቁ ተረት፣ "በዚያ ወንዝ ዳር ጂን አለ" የሚለው የመንደር ወሬ። ባለቤቷ ስትሞት ይህ ሁሉ እንደ አል-ሐዲሳው ሳጥን ወሬው ይጠፋል።

ታዲያ ይህን ማን ይሰብስበው? ተረት ብቻ የሚወድ ልጅ የበርበሬውን ልክ አይጠይቅም። ወጥ ብቻ የሚወድ ልጅ የተረቱን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ኮምፒውተር ብቻ የሚወድ ልጅ ባዶ ሠንጠረዥ ይዞ ይቀመጣል። ሦስቱንም የሚወደው ልጅ ግን ለቤቱ መዝጋቢ ለመሆን የተዘጋጀ ነው።

ስለዚህ ወላጆችን የምንጠይቀው ይህን ነው። ልጁ ትምህርቱን ካልበደለ፣ ሰላቱን በወቅቱ ከሰገደ፣ ፍላጎቱን ለመቁረጥ አትቸኩሉ። የሚያነበው አስፈሪ መጽሐፍ ካሳሰባችሁ ከመንጠቃችሁ በፊት አንብቡት፤ ኢብኑ ነዲም አንብበው ነው የፈረዱት። ከዚያም ቁጭ በሉና "ይህ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? ደራሲው ያስፈራህ በምን ዘዴ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። በፍርሃት እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም ፈጠራውን እንደ እውነት ከያዘው፣ ያኔ ምክር ያስፈልገዋል፤ መጽሐፉም ለዕድሜው እስኪደርስ ይቆይ።

ወጣቶችን ደግሞ እንዲህ እንላለን። ብዙ መውደድ ብቻውን ሙያ አይሆንም። ኢብኑ ነዲምን ለቁም ነገር ያበቃቸው ሁሉን በየቦታው ማስቀመጣቸው፣ መለኪያቸውን ማሳወቃቸው፣ ያዩትን ከሰሙት መለየታቸው፣ በመጨረሻም መጽሐፉን ጽፈው ማቅረባቸው ነው። እናንተም ዛሬ አንድ ደብተር ወይም አንድ ፋይል ክፈቱ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፤ የነገሩ ስም፣ የነገራችሁ ሰው፣ የሰማችሁበት ቀንና ቦታ፣ ልኩ ወይም መጠኑ፣ በዓይናችሁ ያያችሁት መሆን አለመሆኑ። ለወጡ ጭልፋውን በሲኒ ወይም በግራም ለኩት። ለተረቱ የተረከላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ለእጅ ጽሑፉ ስንት ሉክ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ከቦታው ግን አታንቀሳቅሱት፣ ባለቤቱንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት፤ አንድ ቀን የሚያውቅ ሰው ይሞላዋል።

ከአያታችሁ ጀምሩ። ሳምቡሳው ሲጠበስ ጎናቸው ቁሙና "እማማ፣ ይኼ ስንት ነው?" በሏቸው። "በዓይን ነው ልጄ" ብለው ይመልሱላችኋል። አትመኑ፤ ማንኪያ ይዛችሁ ለኩት። ማታ ደግሞ ጭራቁን ያስተርቷቸው።

ያ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው የአያት ተረት እውነት ነው፤ ማንም አያስተባብለውም። ነገር ግን አንድ ዛፍ ብዙ ቅርንጫፍ ሊኖረው እንደሚችል እሱም አይክድም። የወላጅ ድርሻ ልጁ የወጣው አንድ ዛፍ ይሁን ሁለት አስተውሎ መለየት ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።